የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ከመሸጡ በፊት ሊደረግለት ስለሚገባው የደኅንነት ምርመራ

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከተሠራባቸው ክፍሎች ሁሉ ገዢው አቃሎ የሚመለከተው፣ ሻጩም ዋጋ ለማውረድ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያረክሰው ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ከኋላ በኩል የሚገጠም የብረት ሣጥን ነው። ገዢው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ሚሞሪው ብዛት አጥብቆ ይጠይቃል፤ ወደዚህ ሣጥን ሲደርስ ግን «ይሠራል ወይ?» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የለውም። ሻጩም ሰክቶ ማራገቢያው ሲዞር ያሳየዋል፤ ሽያጩም በዚሁ ያልቃል። ሆኖም የዚህ ዕቃ ደግነት በደኅና ቀን በመሥራቱ አይለይም፤ ደጉም ክፉውም በደኅና ቀን ይሠራሉ። የሚለየው ሽቦ ከሽቦ በተነካካ፣ መስመሩ በተዛባ፣ ሙቀቱ ባየለ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ራሱን በማጥፋቱ ነው። ይህንን ጠባዩን ማራገቢያው ሲዞር በማየት ብቻ ሊያውቀው የሚችል ሰው የለም።

ነገሩ እንደ አይከል ባለ ከተማ ለሚነግዱ ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ በባሕር የመጣው የኤሌክትሪክ ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባንና ጎንደርን አልፎ ወደ እርስዋ እስኪደርስ ድረስ በብዙ ነጋዴ እጅ ያልፋል። አስመጪው ፋብሪካውን አምኖ ያመጣል፤ ጅምላ ሻጩ አስመጪውን አምኖ ይረከባል፤ የጎንደሩ ባለሱቅ ጅምላ ሻጩን፣ የአይከሉ ደግሞ የጎንደሩን አምኖ ይሸጣል። እንዲህ እያለ ሁሉም «ሌላው መርምሮታል» ብሎ ሲያስብ፣ ዕቃው ማንም ሳይመረምረው በጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በፎቶ ኮፒ ቤት ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በዚህ መንገድ ላይ የቆመ እያንዳንዱ ነጋዴ በአቅሙ ሊያደርገው የሚችለውን ምርመራና ከሌላው ሊጠይቀው የሚገባውን ማስረጃ ለይቶ ለማሳየት ነው።

ሣጥኑ ስለሚሠራው ሥራ

ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የሚፈልገው የማይመላለሰውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ እርሱም 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሆነውን ነው። ፓወር ሰፕላዩ በመጀመሪያ 220 ቮልቱን ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲለውጠው ልኩ ወደ 310 ቮልት ገደማ ከፍ ይላል፤ ይህም በትልልቅ ካፓሲተሮች ውስጥ ይጠራቀማል። ቀጥሎም እጅግ በፈጠነ አቆራረጥ እየቆራረጠ በትራንስፎርመር አሳልፎ ወደ ታናናሾቹ ቮልቶች ያወርደዋል።

በገበያ የሚገኘው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ አብዛኛው ኤቲኤክስ የሚባለውን ሥርዓት የተከተለ ነው፤ ሥርዓቱን ያወጣው ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1995 ነበረ። በዚህ ሥርዓት ቢጫው ሽቦ 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ይይዛል፤ ጥቁሩ የሁሉም የጋራ መመለሻ ነው። አረንጓዴው ማስነሻ ነው፤ ሐምራዊው ኮምፒዩተሩ ጠፍቶም ሳለ የማይቋረጠው የ5 ቮልት መስመር ነው፤ ግራጫው ደግሞ ኃይሉ መስተካከሉን ለኮምፒዩተሩ የሚያስታውቅ ምልክት ያደርሳል። ሽቦዎቹን ሁሉ ጥቁር አድርገው የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ስላሉ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ባጋጠመ ጊዜ በመሰኪያው ላይ ያለውን የየሽቦውን ሥፍራ ከመመሪያው አይቶ መለየት ያሻል።

እንግዲህ በአንዲት ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሰው የሚገድለው 310 ቮልትና ሰው በእጁ የሚነካው 12 ቮልት በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ተለያይተው ይኖራሉ። በመካከላቸው የቆመው ግድግዳ የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

ሰውን ስለሚጠብቀው መከላከያ

ይህ መከላከያ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቮልት መካከል የተተወው ርቀትና የተደረገው መሸፈኛ ነው። ሁለተኛው የሣጥኑ ብረት ከሦስተኛው የስፒና እግር፣ ማለት ከመሬት ሽቦው ጋር በጥብቅ መያያዙ ነው። በፋብሪካና በላቦራቶሪ መጀመሪያውን የሚፈትኑት በሁለቱ ወገኖች መካከል እስከ 3000 የሚደርስ ተመላላሽ ቮልት በመልቀቅ ነው፤ ሽፋኑ ከጸና ኤሌክትሪኩ አይሻገርም። ሁለተኛውን የሚፈትኑት ደግሞ ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ከሣጥኑ ብረት ወደ መሬቱ እግር በማሳለፍ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚገኘው ተቃውሞ ከ0.1 ኦም እንዳይበልጥ ይጠበቃል።

የ3000 ቮልቱን ሙከራ ባለሱቅ ሊሞክረው አይገባም፤ ለዚህ የተሠራ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው የሚጠይቅ፣ በስሕተት ቢደረግም ነፍስ የሚያጠፋ ነው። ሁለተኛውን ግን በተራ ሙልቲሜትር በግምት ማወቅ ይቻላል። ፓወር ሰፕላዩ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ፣ ሙልቲሜትሩ በኦም ላይ ተደርጎ አንዱ ጫፍ በመግቢያው መካከለኛ እግር ላይ፣ ሁለተኛው ቀለም በሌለበት የሣጥኑ ብረት ወይም በቡሎኑ ላይ ይደረጋል። የመለኪያው የራሱ ሽቦ ተቃውሞ ከተቀነሰ በኋላ ቁጥሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ጥቂት ኦሞች ያሳየ፣ ወይም ሽቦው ሲነቃነቅ ቁጥሩ የሚወዛወዝ ዕቃ ለሽያጭ መቅረብ የለበትም። በዚያው ጊዜ ከመካከለኛው እግር ወደ ሁለቱ የዳር እግሮች ቢለካ ምንም ማለፍ የለበትም። አብሮ የሚሸጠውም ገመድ ለብቻው እንዲሁ መለካት አለበት፤ ሦስት እግር ያለው መስሎ በውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ የያዘ ገመድና ዲቫይደር በገበያ ላይ አይታጣምና።

እዚህ ላይ ባለሱቆች ብዙ ጊዜ የሚሰሙትን አንድ ስሞታ ማብራራት ይጠቅማል። ደንበኛው ተመልሶ «ኮምፒዩተሩ ይነዝራል» ይላል፤ ሻጩም ዕቃውን ወስዶ ሲሰካው ምንም አይነዝረውም። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ከሁለቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ወደ ሣጥኑ ብረት የተያያዙ ታናናሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸውም በሬዲዮና በመሰሉት ላይ የሚደርሰውን ረብሻ ማጥፋት ነው። የመሬት ሽቦ ካለ በእነዚህ በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ትገባለች። ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ወይም የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋለት ከሆነ ግን የሣጥኑ ብረት የመስመሩን ግማሽ፣ ማለት ወደ 110 ቮልት ገደማ ይዞ ይቀመጣል፤ ፌዝ መፈተሻው ካቻቢቴ ሲነካውም ይበራል። የምታልፈው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከአንድ ሚሊአምፔር ያነሰች ስለሆነች ትነዝራለች እንጂ አትገድልም።

ዳሩ ግን የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ሽፋኑ አንድ ቀን ቢበሳ፣ ሙሉው 220 ቮልት በሣጥኑ ብረት ላይ ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለሌለው ባልቦላው አይቃጠልም፣ ብሬከሩም አይወድቅም። መንገድ የሚሆነው ብረቱን በእጁ የነካው ሰው ነው። ስለዚህ «ይነዝራል» የሚለው ስሞታ ለሻጩ የጭቅጭቅ ምክንያት ከመሆኑ በፊት የደንበኛው ቤት መሬት እንደሌለው የሚነግር ምልክት ነው። ሻጩ በደረሰኙ ላይ «የመሬት ሽቦ ባለው ሶኬት ብቻ የሚሰካ» የምትለውን አንዲት መስመር ቢጽፍ የሚያወጣው ወጪ የለም።

ስለ ከፍታና ስለ ሙቀት

ብዙ አስመጪዎች የማይጠይቁት ሌላ ነገር አለ። ቀጭን አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል ኃይሉ ከወፍራም አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎችን ደኅንነት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቮልት መካከል ያዘዘው ርቀት የተሰላው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ለሚውል ዕቃ ነው። ከዚያ በላይ ርቀቱ መብዛት አለበት፤ ለምሳሌ ለ3000 ሜትር በ1.14፣ ለ5000 ሜትር በ1.48 ይባዛል። ቻይናም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ባወጣችው የደኅንነት ደረጃ፣ ለ5000 ሜትር ያልተሠራ ዕቃ ከ2000 ሜትር በታች ብቻ እንዲውል የሚያስጠነቅቅ ምልክት እንዲለጠፍበት አዝዛለች።

አይከልና ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው፤ አዲስ አበባም እንዲሁ። ይህ ማለት በባሕር ዳርቻ ከተማ በሕጉ የጸደቀ ዕቃ በእኛ ዘንድ ሲደርስ ከመጠባበቂያው ጥቂት አጉድሎ ይሠራል ማለት ነው። በታወቀ ፋብሪካ የተሠራና ርቀቱ በልግስና የተተወ ዕቃ ይህ አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው ርቀቱን እስከ መጨረሻዋ ሚሊሜትር ቆጥቦ የተሠራው ነው። አስመጪው ትእዛዙን በሚጽፍበት ጊዜ «እስከ 3000 ሜትር ከፍታ የሚውል» ብሎ ቢያክልና ማረጋገጫውን ቢጠይቅ፣ ፋብሪካው መልስ የማይሰጥ ከሆነ ዝምታውም አንድ መልስ ነው።

አየሩ በዚህ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ አይሰማም። ነገር ግን ከአይከል ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርደው ዕቃ ከ1000 ሜትር በታች ባለው ቆላ ሲደርስ አየሩ ቢወፍርለትም፣ በበጋው ወራት እስከ 40 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይጠብቀዋል። ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ እስከ 50 ዲግሪ ባለው አየር እንዲሠራ ይመከራል፤ ርካሾቹ ግን በጎናቸው የተጻፈውን ኃይል የሚሰጡት በ25 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ይህንንም ካልጠየቋቸው በግልጽ አይናገሩም። ለደጋው የበቃ ዕቃ ለቆላው ላይበቃ ይችላልና፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚነግድ ሰው ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ደንበኛውን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ዕቃንና ቤትን ስለሚጠብቁት መከላከያዎች

ሁለተኛው ወገን በውስጡ ያለች አንዲት ታናሽ ተቆጣጣሪ እንደ ዘበኛ ሆና የምትጠብቃቸው መከላከያዎች ናቸው። ቮልቱ ከልክ በላይ ሲወጣ፣ ከልክ በታች ሲወርድ፣ በአንዱ መስመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲበዛ፣ የሁሉም ድምር ኃይል ሲበዛ፣ ኮንታክት ሲፈጠር፣ ሙቀቱ ሲያይል ሣጥኑን ወዲያው እንድታጠፋ ትጠበቃለች። ከእነዚህ ስድስቱ ሁሉ በእያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ አይገኙም፤ በተለይ የሙቀቱና የየመስመሩ ብዛት መከላከያ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ይቀራሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማመን አያስፈልግም፤ ማተም ርካሽ ነው።

ከቮልት ማነስና መብዛት የተነሣ በተለመደው አሠራር 12 ቮልቱ ከ11.40 እስከ 12.60፣ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው መካከል እንዲቆይ ተወስኗል። በኢንቴል መመሪያ መሠረት የ12 ቮልቱ መከላከያ ከ13.4 እስከ 15.6፣ የ5 ቮልቱ ከ5.74 እስከ 7.0 ባለው ውስጥ ማጥፋት አለበት። ይህን ለመሞከር ከውጭ ቮልት መጨመር ስለሚያስፈልግ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

የኃይል ብዛት መከላከያ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ምክንያቱም መከላከያ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃና የተቀመጠበትም ልክ ትክክል መሆን እንዳለበት በዓለም ገበያ የታየው በእርሱ ነው። ጊጋባይት የተባለው የታይዋን ኩባንያ ጂፒ-ፒ750ጂኤምና ጂፒ-ፒ850ጂኤም በሚል ስም የሸጣቸው ፓወር ሰፕላዮች በመርማሪዎች እጅ ሲፈተኑ እየፈነዱ መበላሸታቸው ተገለጠ። ኩባንያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ ወር 2021 ባወጣው መግለጫ፣ መከላከያው የሚያጠፋው ኃይሉ ከተጻፈው ከ120 እስከ 150 በመቶ ሲደርስ እንደነበረ፣ ወደፊት ግን ከ110 እስከ 120 በመቶ እንዲሆን ዝቅ ማድረጉን አስታወቀ፤ ቁጥራቸው ለይቶ በታወቁት ላይም ለገዢዎች የመለወጥ መብት ሰጠ። ዘበኛው በሥፍራው ነበረ፤ የሚነቃው ግን ሌባው ቤቱን ከያዘ በኋላ ነበረ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ስመ ጥር በሆነ ኩባንያ ዕቃ ላይ ከደረሰ፣ ስም በሌለው ሣጥን ላይ ሳይመረመሩ ማመን እንዴት እንደሚቻል አንባቢ ይፍረደው።

በሱቅ ውስጥ ሊደረግ ስለሚችለው ሙከራ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሙከራ ከመጣው ዕቃ መካከል ለናሙና በተለየው አንድ ወይም ሁለት ሣጥን ላይ፣ ሙያውን በሚያውቅ ጠጋኝ ብቻ የሚደረግ ነው። ሙከራው ሲካሄድ ሁለተኛ ሰው ከብሬከሩ አጠገብ ይቁም፤ መሬቱ ደረቅ ይሁን፤ ሞካሪው ጫማና የዐይን መነጽር ያድርግ፤ በዙሪያውም ወረቀትና ካርቶን አይኑር። ሣጥኑን መክፈት አያስፈልግም፤ እንዲያውም አይገባም፤ ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው 300 ቮልት ያህል ይዘው ይቆያሉና።

አስቀድሞ ከኋላው ቀይ መቀያየሪያ ያለው እንደ ሆነ 230 በሚለው ላይ መሆኑ ይታይ። 115 በሚለው ላይ ሳለ በእኛ መስመር ቢሰካ፣ እያንዳንዳቸው ለ200 ቮልት የተሠሩት ካፓሲተሮች 310 ቮልት ገደማ ስለሚደርስባቸው በድንጋጤ ድምፅ ይፈነዳሉ። ከውጭ አገር አገልግለው የሚመጡ ኮምፒዩተሮች በዚህ ብዙ ጊዜ ይበላሻሉ፤ በሱቁ ደጃፍ ላይ አንዲት ዐይን መወርወር ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ ሣጥኑ ይሰካና በሐምራዊውና በጥቁሩ መካከል 5 ቮልት መኖሩ ይለካ። ከዚያ አረንጓዴው ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ማራገቢያው ይነሣል። ብዙ ሻጮች ምርመራውን እዚህ ላይ ይፈጽማሉ፤ ምርመራው ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያለ ሸክም የተለካ ቮልት ስለ ዕቃው የሚነግረው ጥቂት ነው። ስለዚህ የመኪና የፊት መብራት አምፖል፣ 12 ቮልትና 55 ዋት የሚለው፣ በቢጫውና በጥቁሩ መካከል ይያያዝ። አንዱ አምፖል ወደ 4.6 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ አራት አምፖል 220 ዋት ያህል ይሆናል። አምፖሎቹ አንድ በአንድ ይጨመሩ፤ ቀዝቃዛ አምፖል በተነሣበት ቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢያያዙ ደኅናው ሣጥን እንኳ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ይህም ጉድለት ተብሎ አይቆጠርበትም። አምፖሎቹ ለግማሽ ሰዓት እየበሩ ቮልቱ ከ11.40 በታች ካልወረደ፣ ሽቦውም በእጅ ሲነካ ካላቃጠለ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ካልመጣ ዕቃው ይህን ፈተና አልፏል።

በጎኑ ላይ የተጻፈውንም ሒሳብ ማድረግ ይገባል። ለምሳሌ «500 ዋት» ተብሎ በታተመ ሣጥን ላይ የ12 ቮልቱ መስመር 15 አምፔር ብቻ እንደሆነ ቢጻፍ፣ 12 በ15 ሲባዛ 180 ዋት ነው። ያሁኑ ዘመን ኮምፒዩተር ኃይሉን የሚወስደው ከዚሁ መስመር ስለሆነ፣ ደንበኛው የገዛው ባለ 500 ሳይሆን ባለ 180 መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ፈተና፣ የኮንታክቱ ፈተና ይመጣል። ሣጥኑ ከብሬከሩ በኩል ጠፍቶ ሳለ፣ አረንጓዴው ከጥቁሩ ጋር እንደተያያዘ፣ አንድ ወፍራም አጭር ሽቦ ቢጫውን ከጥቁሩ ጋር ያገናኝ። ሞካሪው ራቅ ካለ በኋላ ብሬከሩ ይነሣ። ደኅናው ሣጥን ማራገቢያውን አንድ ጊዜ ፈንጠር አድርጎ ዝም ይላል፤ ዝም እንዳለም ይቆያል። ብሬከሩ ወርዶ፣ ወፍራሙ ሽቦ ተነሥቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ እንደገና ሲሰካ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ይሠራል። ይኸው ሙከራ በቀዩና በጥቁሩ፣ በብርቱካናማውና በጥቁሩ መካከል ይደገማል። በሐምራዊው ላይ ሲደረግ ደግሞ ኮንታክቱ እንደተነሣ 5 ቮልቱ በራሱ መመለስ ይኖርበታል። ደካማው ሣጥን ግን ወይም ሽቦውን እስኪያግለው ድረስ መግፋቱን አይተውም፣ ወይም በፍንዳታ ይቆማል፣ ወይም ከዚያ በኋላ አይነሣም።

ባልቦላው ተቃጥሎ ቢገኝ «መከላከያው ሠራ» የሚሉ ጠጋኞች አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ባልቦላ የሚቃጠለው ሌላው መከላከያ ሁሉ ካመለጠ በኋላ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ትራንዚስተሮቹ ቀድመውት ሄደዋል። በሱቅ ረድፍ፣ ጣውላና ጨርቅ በተደረደረበት ቤት አጠገብ፣ በባልቦላ ብቻ የሚጠበቅ ዕቃ ሲቀጣጠል የሚከፍለው የገዛው ሰው ብቻ አይሆንም።

ከሣጥኑ ኃይል በላይ ስለሆነ አንድ ጉዳይም ሊነገር ይገባል። ሱቆቹ ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት ከባለ ሦስት ፌዙ የ380 ቮልት መስመር ተከፋፍሎ ነው። የጋራ መመለሻው ሽቦ በምሰሶው ላይ የተበጠሰ እንደ ሆነ በአንዱ ሱቅ ያለው ቮልት ወደ 380 ሊጠጋ፣ ከፍተኛው ጫፉም ከ500 ቮልት ሊበልጥ ይችላል፤ ለ400 ወይም ለ450 ቮልት የተሠሩት ካፓሲተሮች ይህን አይችሉም። ይህን የሚመክት ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ፈልጎ መድከም አያስፈልግም፤ ቮልቱ ሲዛባ የሚቆርጥ፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ከሶኬቱ በፊት ማስገባት ያሻል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ መሸጥ ለባለሱቁም ትርፍ አለው።

ስለ ወረቀቱና ስለ ምልክቶቹ

ከሁሉ በላይ ገዢን የሚያሳስተው «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ነው። ይህ ምልክት ፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደማያባክን የሚናገር እንጂ ስለ መከላከያዎቹ አንድም ቃል የሚናገር አይደለም። ሲኢ የሚሉት ሁለት ፊደላትም በአብዛኛው በፋብሪካው በራሱ ቃል የሚታተሙ ናቸው። ዩኤል ወይም ቲዩቪ የሚለው ምልክት ግን ሦስተኛ ወገን መርምሮ የሰጠው ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ከሰጪው ድርጅት መዝገብ ላይ ማመሳከር ይቻላል። አስመጪው ሊጠይቅ የሚገባው የምርመራውን ሙሉ ዘገባ ነው፤ በዘገባው ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር በሣጥኑ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን፣ ደረጃውም በአሮጌው አይኢሲ 60950-1 ፈንታ የተተካው አይኢሲ 62368-1 መሆኑን ያረጋግጥ።

በአገር ውስጥ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት የፍተሻ ላቦራቶሪዎች አሉት። ብዙ ቁጥር ያለው ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ናሙና ከመላኩ በፊት የትኛውን ፈተና እንደሚቀበሉና ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ በደብዳቤ ጠይቆ ቢያውቅ ጊዜ አያጠፋም። የአንዱ ነጋዴ ዐቅም ባይፈቅድ፣ ከአንድ አስመጪ የሚገዙ የጎንደርና የአይከል ባለሱቆች ወጪውን ተካፍለው አንድ ናሙና ሊያስመረምሩ ይችላሉ።

ጊዜን ማሳለፍ ደግሞ መብትን ያሳጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በደነገገው ክፍል፣ ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ባለሱቁ ለደንበኛው ሻጭ ቢሆንም ለጅምላ ሻጩ ገዢ ነው። ስለዚህ ዕቃውን በመጋዘን አስቀምጦ፣ ስሞታ ሲበዛበት ከወራት በኋላ ወደ ጎንደር ቢመለስ የሚሰማው ላያገኝ ይችላል። ዕቃው በደረሰበት ሳምንት ናሙናውን ፈትኖ፣ የተገኘውን ቮልትና የኮንታክቱን ውጤት ከቀኑና ከሞዴሉ ቁጥር ጋር በመዝገብ ጽፎ፣ ጠጋኙን አስፈርሞ ቢያስቀምጥ ግን በእጁ ማስረጃ አለ።

የኮንታክቱን ፈተና ያለፈው ናሙና ምንም እንኳ ደኅና ቢመስል ከአዲሶቹ ጋር ተመልሶ ወደ መደርደሪያ አይገባም፤ በውስጡ የደረሰበትን ድካም ማንም ከውጭ ሊያየው አይችልምና። «ለሙከራ የዋለ» ተብሎ ይጻፍበትና በሱቁ ይቆይ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ዕቃ ክብደቱ፣ የሽቦው ውፍረትና የጽሑፉ አኳኋን ከእርሱ ጋር ይመሳከርበታል።